ኢሜይሉ ከየት መጣ?

ለቡና ላኪዎችና ለአስጎብኚ ድርጅቶች ኢሜይል እጽፋለሁ። እንጀራዬ ይኼው ነው። ሠርግ ላይ «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ ማስረዳቱ ስለሚረዝም «ማርኬቲንግ» ብዬ እገላገላለሁ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ታዲያ ወሬው ሁሌም የሚጀምረው ከብዛት ነው። «እኛ ጋ እኮ ስምንት ሺህ ኢሜይል አለ» ይለኛል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከየት መጣ?

መልሱን እንደሰማሁ ሥራው ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ይገባኛል። እውነቱን ለመናገር ዋጋዬንም የምቆርጠው ያኔ ነው።

አንድ ቡና ላኪ ደንበኛ አሉኝ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» ነው የምላቸው። መጋዘናቸው ቃሊቲ ነው። ከጉጂና ከይርጋጨፌ ይገዛሉ፣ አዘጋጅተው ይልካሉ። ቡና ሲቀምሱ ማየት ደስ ይላል። ኮምፒውተር ላይ ግን ያው የብዙዎቻችን አባቶች እንደሚሆኑት ናቸው። መጀመሪያ ቢሯቸው የሄድኩ ዕለት ፍላሽ አቀበሉኝ።

«ይኸው ልጄ። የዓለም ቡና ገዢ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ።»

«ከየት አመጡት ጋሼ?»

«ገዛሁት! ቴሌግራም ላይ ይሸጣል እኮ። ርካሽ ነው።»

«እነዚህ ሰዎች እርስዎን ያውቁዎታል?»

«አሁን ያውቁኛላ!»

ፋይሉን ከፈትኩት። ኤክሴል ነው። ብዙዎቹ አድራሻዎች «ኢንፎ» ወይም «ሴልስ» ብለው ይጀምራሉ። እንዲህ ያለ ሳጥን የአንድ ሰው አይደለም። ሁሉም ይከፍተዋል፣ ማንም የኔ ነው አይለውም። ሻይ አስመጪዎች አሉበት። የቡና ማሽን የሚጠግኑ አሉበት። ከተዘጉ የቆዩ ካፌዎች አሉበት። አንዱ አድራሻ በተለያየ ስም ተደጋግሞ ገብቷል። ፋይሉ ደግሞ ለጋሼ ብቻ አልተሸጠም። ያንኑ ኤክሴል ሌላውም ላኪ ገዝቶታል። ስለዚህ አሜሪካ ያለ አንድ ቡና ቆዪ (ቆልቶ የሚሸጥ)፣ ከማያውቃቸው ኢትዮጵያውያን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ «ዲር ሰር» ይደርሰዋል። እኔ ብሆን ሁሉንም ሳልከፍት እደመስሳቸዋለሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 ጋሪ ቱርክ የሚባል የኮምፒውተር ሻጭ፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው የአርፓኔት መረብ ላይ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ ላከ። አድራሻዎቹን ያገኘው ከታተመ የተጠቃሚዎች ማውጫ ነው። ሰው ተቆጣ። ኋላ ላይ ግን ራሱ ብዙ እንደሸጠበት ተናግሯል። ይህን ታሪክ ለጋሼ መንገር አልነበረብኝም። «አየሽ! ሸጧል!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት።

ያኔ ጂሜይል አልነበረም ጋሼ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ዛሬ ደብዳቤያችሁን ለሰውየው ከማድረሱ በፊት የሚመረምረው ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ያስታውሳል። ከዚህ ዶሜን (ኢሜይል ላይ ከ@ ምልክት በኋላ ያለው ስም) የመጡ ደብዳቤዎች ስንቱ የሌለ አድራሻ ጋ ሄደው ተመለሱ? ስንት ሰው «ስፓም»፣ ያልጠየቅሁት ደብዳቤ ነው፣ ብሎ ተጫነባቸው? ስንቱስ ወጥመድ ውስጥ ገባ? ወጥመድ ስል የምሬን ነው። የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎችና እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ስፓም የሚከታተሉ ድርጅቶች የማንም ያልሆኑ አድራሻዎችን ሆን ብለው ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ ድሮ ባለቤት የነበራቸው፣ ኋላ የተተዉ ናቸው። ሌሎቹ ድረ ገጽ ላይ ተደብቀው አድራሻ ለቃሚ ሮቦት የሚጠብቁ ናቸው። ከእነዚህ አድራሻዎች ጀርባ ዛሬ ደብዳቤ ላኩልኝ ብሎ የሚመዘገብ ሰው የለም። ለእነሱ የላከ ሰው ዝርዝሩን ገዝቷል፣ ለቅሟል፣ ወይም ለዓመታት አላጸዳውም ማለት ነው።

ጋሼ እኔን ከማግኘታቸው በፊት በዚያ ኤክሴል ልከዋል። ያውም በድርጅታቸው ዋና ዶሜን፣ ውል በሚፈራረሙበት አድራሻ። ሃምቡርግ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚገዛቸው ሰው አላቸው። ለእሱ ከጭነት በፊት የሚቀመስ ናሙና በኩሪየር ልከው ዝርዝሩን በኢሜይል ጻፉለት። ሰውየው ዝም አለ። ገዢው ቀምሶ «ይሁን» ካላለ ኮንቴይነሩ አይጫንም። ቀን ሄደ። በመጨረሻ በዋትስአፕ ደወሉለት። ደብዳቤው ጀንክ (ስፓም የሚጣልበት ሳጥን) ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ኤክሴል አንድም ገዢ ሳይገኝ የነበረው ገዢ ሊጠፋ ነበር።

የተገዛ ዝርዝር መጥፎ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ሁሉም ይጽፈዋል። እኔ በየቢሮው የማየው ግን ሰዎች የሚገዙት ተታለው ብቻ አይደለም። ቡና ቶሎ መሸጥ አለበት፣ ባንክ ወለድ ይቆጥራል፣ አዲሱ ምርት እየደረሰ ነው። ከዜሮ ተነስቶ ሰው በሰው መሰብሰብ ደግሞ ያሳፍራል። ሃያ አድራሻ ይዞ «ዝርዝር አለኝ» ማለት የሚያስችል ወኔ ያለው ነጋዴ ብዙ አላየሁም።

ቢዝነስ ካርድ ሁለተኛው ጣጣ ነው። ሚሊኒየም አዳራሽ ኤግዚቢሽን ሲኖር ዞር ዞር በሉና እዩ። ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን፣ ጎኑ ላይ «ካርድዎን ይጣሉ፣ ቡና ይሸለሙ»። ሳህኑ ይሞላል። ከዚያ አንዷ ምስኪን ጸሐፊ ሁሉንም ወደ ኤክሴል ትገለብጣለች። ካርዱን የጣለው ማን ነው? ነፃ ቡና የፈለገ ሰው። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የቆመ ተፎካካሪ ላኪ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። የኢንሹራንስ ሻጭ፣ እሱ መቼም የማይገኝበት ቦታ የለም። ሽልማቱ የሚጠራው ሽልማት ፈላጊን ነው። ገዢ ለመሰብሰብ ከተፈለገ ለገዢ ብቻ የሚጠቅም ነገር መስጠት ነው። ለምሳሌ የአዲሱ ምርት የቅምሻ ውጤት። ይህን ተማሪው አይፈልገውም፣ ቆዪው ግን ቆሞ ይጠይቃል።

ካርዱን ለጋሼ በእጁ ሰጥቶ ስለ ጉጂ ቡና አሥር ደቂቃ ያወራ ሰውም ቢሆን ጉዳዩ ያው ነው። እሱ የፈቀደው ስለዚያ ቡና እንዲጻፍለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ማስታወቂያ ላኩልኝ አላለም። እኔ የማስደርገው ቀላል ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ ምን እንዳወሩ በእስክርቢቶ ይጻፋል። ማታ ሆቴል ገብቶ ለሰውየው ብቻ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ይላካል፣ መጨረሻው ላይ «አዲስ ምርት ሲደርስ ላሳውቅዎት?» የሚል ጥያቄ። «አዎ» ያለ ይገባል። ዝም ያለ አይገባም። ይህን «ዝም ያለ አይገባም» የሚለውን ለማሳመን የፈጀብኝን ምራቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

አስጎብኚዎቹ ጋ ስሄድ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያለው ደብተር ነው። ቱሪስቱ ከሰሜን ተራሮች ሲወርድ፣ ደባርቅ ላይ፣ አቧራ እንደጠጣ፣ የመኪና ኮፈን ላይ ደብተር ይዘረጋለታል። አስተያየት ይጽፋል፣ ኢሜይሉን ያኖራል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እስክርቢቶው አይጽፍም። አዲስ አበባ ሲደርስ ያንን የሚያነብ ሰው ይጠፋል። ኤል ይሁን አንድ ቁጥር፣ ኦ ይሁን ዜሮ፣ በግምት ይገባል። ግምቱ ሲሳሳት ደብዳቤው ወይ ይመለሳል፣ ወይ ደግሞ ሌላ የማያውቀን ሰው ጋ ይደርሳል። ሁለተኛው ይከፋል።

ለዚህ ያለው መድኃኒት ማረጋገጫ ነው። ሰውየው አድራሻውን ከሰጠ በኋላ አንድ አጭር ኢሜይል ይደርሰዋል፤ ውስጡ ያለውን ሊንክ ሲነካ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ባለቤቶቹ ይህን አይወዱም። «ግማሹ አይነካም፣ እናጣዋለን» ይሉኛል። አዎ፣ የማይነካ ይኖራል። ሊንኩን ለመንካት የሰነፈ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዳናክል ትኬት ይቆርጣል ብዬ ግን አላምንም።

ስም ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በእኛ ሰው ላይ በየቀኑ የሚሠራ ጥፋት ነው። ከውጭ የመጡት ፎርሞች የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብለው ይጠይቃሉ። የእኛ «መጨረሻ» የአባት ስም ነው። ሲስተሙ ደግሞ አክብሮት መስሎት በመጨረሻው ስም ይጠራል። ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ለአንድ አስጎብኚ የጻፉትን መልስ አይቻለሁ። «አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፣ ለምን በሳቸው ስም ትጽፉልኛላችሁ?» ይላል። ወይዘሮዋ የልጆቻቸውን የላሊበላ ጉዞ ሊያስይዙ ነበር የተመዘገቡት። እኔ አሁን በምሠራቸው ፎርሞች ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። «ምን ብለን እንጥራዎ?» ይላል። ሰው ራሱ የፈለገውን ይጽፋል።

እዚሁ አገር ውስጥ ላለ ሸማች የኢሜይል ዝርዝር መገንባትስ? ብዙ ጊዜ አታድርጉት እላለሁ። ደንበኛ የሚያሳጣኝ ምክር ነው፣ ግን እንዲህ ነው። አብዛኛው ሰው ጂሜይል ያወጣው ስልኩ ስለጠየቀው ነው። የከፈተለት ደግሞ ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ስልኩ ሲጠፋ ኢሜይሉም አብሮ ይጠፋል፣ አዲስ ስልክ፣ አዲስ ጂሜይል። ቦሌ ያለ የልብስ ሱቅ በደረሰኝ ላይ ኢሜይል ቢሰበስብ ማንም የማይኖርበት ቤት አድራሻ ነው የሚሰበስበው። ለእሱ የቴሌግራም ቻናል ይሻለዋል። ኢሜይል እዚህ የሚሠራው በቢሮ ሰው ዘንድ ነው፦ ባንክ፣ ኤምባሲ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ የጉዞ ወኪል፣ የሰው ኃይል ክፍል።

ከሁሉም የሚያስቀኝ፣ ደግሞም የሚያስለቅሰኝ፣ ሲሲ (CC፣ የተጻፈበት አድራሻ ለሁሉም ተቀባይ የሚታይበት ሳጥን) ነው። አንድ ላኪ የገዢዎቹን አድራሻ በሙሉ ሲሲ ሳጥን ውስጥ ደርድሮ የዋጋ ዝርዝር ይልካል። አሁን እያንዳንዱ ገዢ የሌሎቹን ስም ያያል። የሲያትሉ ገዢ የኦስሎው ተፎካካሪው ከማን እንደሚገዛ አወቀ። አንዱ «ለሁሉም መልስ» ተጫነና «ይሄ ዋጋ ባለፈው ከነገርከኝ ለምን ይበልጣል?» ብሎ ጻፈ። ሁሉም አነበበው። ከዚያ ደግሞ ከተቀባዮቹ አንዱ አዲስ አበባ ላለ ሌላ ላኪ አሳልፎ ላከው። ዓመታት የፈጀ የገዢ ዝርዝር በአንድ ጠቅታ ለተፎካካሪ ተሰጠ። ይህ የደረሰበት ሰው ደንበኛዬ አይደለም፣ ግን ደብዳቤው ተዘዋውሮ እኔም ጋ ደርሷል፤ የተዘዋወረበትን ርቀት ከዚህ ገምቱ። ተቀባዮቹ የማይተያዩበት ቢሲሲም (BCC) ቢሆን ለትንሽ ጊዜ ነው። ሰው ሲበዛ ለዚሁ በተሠራ አገልግሎት፣ ሜይልቺምፕም ይሁን ሌላ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ይላክ።

አገልግሎቱን ከያዛችሁ ደግሞ ከነፃ ያሁ ወይም ጂሜይል አድራሻ አትላኩ። ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በእሱ ስም ከሌላ ሰርቨር የሚመጣን ደብዳቤ ተቀባዮች እንዳይቀበሉት ያዛል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ ጉግልና ያሁ አጥብቀውታል፦ ደብዳቤው በእርግጥ ከእናንተ ዶሜን መምጣቱን የሚያሳዩት ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የሚባሉት ማረጋገጫዎች ዶሜኑ ላይ እንዲገቡ፣ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ዲማርክ ከሚባለው ጋር እንዲያስገባና በአንድ ጠቅታ መሰረዣ እንዲያኖር። ኤስፒኤፍና ጓደኞቹን ዶሜኑን የገዛላችሁ የአይቲ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ሻይ ጋብዙትና አሠሩት።

ሕጉን በተመለከተ «እዚህ አገር ማን ይጠይቃል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15ን አሳየዋለሁ። ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ ብሎ ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ ኢሜይል ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል ይላል። ልዩ ሁኔታዎችንም ያስቀምጣል፣ ለምሳሌ የላኪው እውነተኛ ማንነትና አድራሻ መኖሩን፣ ተቀባዩ በቀላሉ እምቢ የሚልበት መንገድ መኖሩን ያያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ገዢው አውሮፓ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የእነሱ የመረጃ ሕግ አለ። ካናዳ ውስጥ ናሙና ወይም ዋጋ ጠይቆ ያልገዛ ሰው ያሳየው ፍላጎት በሕጉ ፊት የሚቆየው 6 ወር ነው፣ ለገዛ ሰው 2 ዓመት። አሜሪካ ላላ ይላል። ቅድሚያ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ግን «ይብቃኝ» ያለውን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማውጣትና የፖስታ አድራሻ መጻፍ ግዴታ ነው። የጎዳና ቁጥር የሌለን እኛ ፖ.ሳ.ቁ. እንጽፋለን።

«ይብቃኝ» የሚለው ነገር ሰውን ለምን እንደሚያስፈራው አይገባኝም። ደንበኞቼ ሊንኩን በጥቃቅን ፊደል፣ በግራጫ ቀለም፣ ከታች ከታች እንድደብቀው ይለምኑኛል። መውጫውን ያጣ ሰው «ስፓም» የሚለውን ቁልፍ አያጣውም፤ እሱ ከላይ ነው ያለው። ጉግል የሚጠይቀው የስፓም ቅሬታ ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። 300 ሰው ላለው ላኪ ይህ ማለት አንድ ሰው ነው። አንድ የተናደደ ሰው! እኔ መሰረዣውን ከላይም ከታችም አስቀምጠዋለሁ።

ከዚህ የባሰው ግን ዝምታ ነው። ጥሩ ፈቃድ የሰጠ ሰው አድራሻ ይሰበሰባልና ይተኛል። ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል። የካቲት ላይ ናሙና የጠየቀ ቆዪ በዚያው ሳምንት ምንም ካልሰማ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርት ስትጽፉለት «እናንተ ማን ናችሁ?» ይላል። የመጀመሪያው ደብዳቤ በዚያው ቀን መድረስ አለበት፣ ሁለት አንቀጽ ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደተገናኛችሁ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትጽፉ። ለቡና ላኪ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ በቂ ነው፦ ለቀማው ሲጀመር፣ ናሙና ሲደርስ፣ ጭነት ሲወጣ። በነገራችን ላይ «መልካም አዲስ ዓመት» የሚለው የመስከረም ደብዳቤ እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ፈረንጆቹ ግን በጣም ይወዱታል፣ ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ ለእሱ ነው የሚመልሱት።

የማይከፍቱትን ሰዎች ማጽዳት ያስፈልጋል፣ ግን «ከፈተ» የሚለውን ቁጥር አትመኑ። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ባመጣው የሜይል ግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ሰውየው ሳያየው የተከፈተ መስሎ ይቆጠራል። እኔ የማየው ማን ሊንክ ነካ፣ ማን መልስ ጻፈ የሚለውን ነው።

የጋሼን ዝርዝር ከዜሮ ጀመርነው። ኤክሴሉን ትተን የላኳቸውን ኢሜይሎችና የድሮ ውሎች ገለበጥን። መልስ የጻፈላቸው፣ ናሙና የጠየቃቸው፣ አንዴም ቢሆን የገዛቸው ሰው ብቻ ተለቀመ። ለእያንዳንዱ «አዲስ ምርት ሲደርስ ላሳውቅዎት?» ብለን ጻፍን። «አዎ» ያሉት በአንድ ገጽ አለቁ። ጋሼ ገጹን አገላብጠው ጀርባውን አዩት። «ይኼ ብቻ?» አሉ።

አሁን ድረ ገጻቸው ላይ ፎርም አለ። ምን ብለን እንጥራዎ፣ ኢሜይል፣ የታጠበ ወይስ በጀንፈል የደረቀ፣ በግምት ስንት ጆንያ። የመጨረሻው ጥያቄ የጋሼ ሐሳብ ነው፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። አሥር ጆንያ የሚፈልግ ትንሽ ቆዪና 320 ጆንያ የሚይዝ ሙሉ ኮንቴይነር የሚጭን አስመጪ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሊደርሳቸው አይገባም። ከዚያ ግን «ስልክም ጨምሪበት፣ ግዴታ ይሁን» አሉኝ። ፎርም ላይ ጥያቄ በበዛ ቁጥር ሰው ይሸሻል ብዬ እምቢ አልኩ። «ስልኩን ያልሰጠኝ ሰው ምን ገዢ ነው?» ይላሉ። እስከ ዛሬ እየተከራከርን ነው።